ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ ጣና ደሴቶች የጎብኚዎች ደንብ

ይድረስ፦ የጣና ሐይቅ ደሴቶችን የጉብኝት ደንብ ለሚያወጣውና ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከየካቲት ወር ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጎብኚዎች መመሪያ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ከባሕር ዳር ወደብ እየተነሣሁ ወደ ጣና ደሴቶችና ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት እንግዳ ማስጎብኘት ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴና ወደቡ ላይ አብረውኝ በሚሠሩ አስጎብኚዎችና ጀልባ ነጂዎች ስም ነው። ጉዳዩን በቃል ሦስት ጊዜ አመልክተናል። «በጽሑፍ አምጡ» ተባልን። በጽሑፍ ስናመጣ የሚቀበለን ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ማመልከቻችን መዝገብ ቤት ገብቶ ከቀረ ሁለት ወር አለፈው። ሌላ በር ስላጣን በግልጽ ጻፍነው።

ደንብ አይኑር የምንል ሰዎች አይደለንም። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ከልባችን ደስ ብሎናል። የባዮስፌር አሠራር አንድን ቦታ በሦስት ይከፍለዋል፤ የማይነካው እምብርት አለ፣ እምብርቱን የሚከልለው ዙሪያ አለ፣ ሰው እየኖረና እየሠራ የሚጠቀምበት የሽግግር ክልል አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ጎብኚው የት ድረስ ይሄዳል፣ የት ይቆማል፣ ምን ይዞ ይገባል፣ ምን ይዞ ይወጣል የሚለውን የሚመልስ ደንብ ያስፈልገዋል። ስንጠብቅ የኖርነውም እሱን ነው። የካቲት ላይ የመጣልን ግን አንድ ገጽ ማስታወቂያ ሆነ።

ማስታወቂያው አራት ነገር ይላል። የመግቢያ ፈቃድ ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ ባለው መስኮት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይሰጣል። ጎብኚው ለሚያርፍበት ደሴት ሁሉ ለየብቻ ይከፍላል። በአንድ ደሴት ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት አይቻልም። ደንቡ ቢጣስ ተጠያቂው አስጎብኚው ነው። ከዚህ ሌላ ስለ ዛፍ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ጉማሬ፣ ስለ ደንገል፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ሞተር አንድ ቃል የለበትም። ከመውጣቱ በፊት ከእኛም፣ ከገዳማቱ አባቶችም፣ ከዘጌ ሰዎችም የጠየቀን አልነበረም። የተለጠፈው በጥበቃ ቤቱ የጓሮ ግድግዳ ላይ ነው፤ እንግዳው በፊት ለፊት በኩል አልፎ ጀልባ ላይ ይወጣል እንጂ በዚያ አያልፍም።

ያስከተለውን ችግር በየተራ እናስረዳ።

አንደኛ፣ የመስኮቱ ሰዓት። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ አስቀደምነው።

ጣና ጠዋትና ከሰዓት አንድ ሐይቅ አይደለም። ማለዳ ውሃው ረግቶ ይጠብቃል፤ ታንኳ ቀዛፊው ሲያልፍ ኋላው የሚተወው መስመር ከሩቅ ይታያል። ወደ 7 ሰዓት ሲጠጋ ነፋሱ ይነሣል፤ ከ8 ሰዓት በኋላማ ሌላ ውሃ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ቦታ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ሰፍቶ የሳሳ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ሞገዱም አጫጭርና ተከታታይ ስለሆነ ትንሽ ጀልባን ፋታ አይሰጣትም። አባቶቻችን ታንኳ ቀዛፊዎች በማለዳ ወጥተው በጊዜ የሚመለሱት ለዚህ ነው። እኛም ርቀው ወዳሉት የደሴት ገዳማት፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ናርጋ ሥላሴ፣ እንግዳ ስንወስድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከወደብ መውጣት ልማዳችን ነበር። መንገዱ እንደ ጀልባው አቅም መሄጃው ብቻ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መስኮቱ በ3 ሰዓት ተከፍቶ ሰልፉ እስኪያልቅ 4 ሰዓት ከሆነ፣ መመለሻችን በትክክል ሞገዱ ውስጥ ይወድቃል።

በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ቤተሰብ ናርጋ ሥላሴን ለመሳለም ጀልባ ያዙ፤ አያት፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና ሁለት ሕፃናት። በ12 ሰዓት ተኩል ወደብ ላይ ነበርን። መስኮቱ የተከፈተው 3 ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ ከዚያ ደረሰኙ አልቆ ሌላ ጥራዝ እስኪመጣ ጠበቅን። የወጣነው 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ያን ቤተ ክርስቲያን ለማየት አንድ ሰዓት ተፈቀደልን፤ እማማ ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ በየሥዕሉ ፊት እየቆሙ ገና ግማሹን ሳይዞሩ «ሰዓት አልቋል» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ እንግዳ አስወጥቼ አላውቅም ነበር።

ናርጋ ያለበትን የደቅ ደሴት ለቀን ወደ መሐል ስንገባ ነፋሱ ተነሣ። ጀልባው አፍንጫውን ያነሣል፣ ይጥላል፤ በጣለ ቁጥር ውሃው በጎን ይገባል። ትንሹ ልጅ የአራት ዓመት ልጅ ነው። ለእሱ ልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት አልነበረንም፤ የትልቅ ሰው ብናለብሰው በራሱ በኩል ወጣ። ይህ የእኛም ጥፋት ነው፤ አልሸሽገውም። እማማ ነጠላቸውን አወለቁ፣ ልጁን ከወገባቸው ጋር ሁለት ዙር አሰሩት፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ሳቡት። ከዚያ በኋላ እስከ መሬት ድረስ «እግዚኦ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ነጂው በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር መሄዱን ትቶ ሞገዱን እየሰነጠቀ ወደ ዘጌ ጥግ አዞረ። ዘጌ ስንደርስ ሊመሽ ነበር፤ ከዚያ በመኪና ወደ ከተማ ገባን። ማንም አልሞተም። የዚያን ቀን የተረፍነው በነጂው እጅና በፈጣሪ ቸርነት ነው፤ በማስታወቂያው ላይ ግን ስለ ላይፍ ጃኬትም ሆነ ስለ ነፋስ የተጻፈ ነገር የለም።

የአንድ ሰዓቱ ገደብም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ደቅ ትልቁ ደሴት ነው፤ ሰው ይኖርበታል፣ እርሻ አለበት፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር ይኬዳል። ዳጋ ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ አፄ ይኩኖ አምላክን፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብንና አፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አጽም ያረፈበትን ቦታ ሊያይ የመጣ አረጋዊ ወጥቶ እስኪወርድ ሰዓቱ ያልቅበታል። ሰው እንዳይበዛ ከሆነ የታሰበው፣ በአንድ ጊዜ የሚያርፉትን ጀልባዎች ቁጥር መወሰን ይሻላል። ሰውን ማጣደፍ ደሴቱን አያሳርፈውም፤ ተጣድፎ የሚሄድ እንግዳ መንገድ ትቶ በአቋራጭ ይወርዳል፣ ችግኝ ይረግጣል፣ የያዘውን ላስቲክ ጥሎ ይሮጣል።

ሁለተኛ፣ እንግዳው ደንቡን የሚሰማው ከጣሰው በኋላ ነው።

ክብራን ገብርኤል ለባሕር ዳር ቅርብ ከሆኑት ደሴቶች አንዱ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባበትም። እኔ ሴት ነኝ። በእነዚህ አሥራ ሁለት ዓመታት የክብራንን ቤተ መቅደስ አላየሁም፤ ይፈቀድልኝ ብዬም አላውቅም። የአባቶች ሥርዓት ነው፣ አከብረዋለሁ። ቅሬታችን መስኮቱ ላይ ስለሚሆነው ነው።

በሚያዝያ መጀመሪያ ከደሴ የመጡ እናትና ልጅ መስኮቱ ላይ ቆመው ለክብራን ቲኬት ተቆረጠላቸው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ቲኬቱ ላይ «ክብራን» ተብሎ ተጽፏል። የሸጠላቸው ሰው ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አስጎብኚ አልያዙም፤ ጀልባ ነጂውም አዲስ ልጅ ነው። እኔ የሌሎች እንግዶች ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ ስለነበር ሲደርሱ አየኋቸው። እናትዮዋ ጧፍና ዕጣን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል፤ የልጃቸው ሕመም ሲሻል ለገብርኤል የተሳሉት ስለት ነው። አንድ አባት ከላይ ሲወርዱ አዩዋቸውና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «እመቤቴ፣ ሴት አይገባም፤ አልነገሩዎትም?» አሉ። እናትዮዋ ምን መናገር እንዳለባቸው ጠፋቸው። አባ ወደ ውሃው ጠርዝ ወርደው፣ ጫማቸው እየራሰ፣ ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና «እኔ አደርስልዎታለሁ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አሏቸው። የክርስትና ስማቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተቆረጠ።

ሲመለሱ ገንዘባቸው እንዲመለስ መስኮቱ ላይ ጠየቁ፤ «ደሴቱ ደርሳችኋል» ተባሉ። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ የመነኮሳይያት ገዳም ነው፤ ሴትም ወንድም ይገባል። ያን የነገራቸው የለም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደ ክብራን ለሴቶች የተከለከለ ስለሆነ ይኸው ነገር እዚያም ይደጋገማል፤ ልዩነቱ እዚያ እስኪደርሱ ሦስት ሰዓት መጓዛቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ደንቡ ተፈጥሮን ረስቷል። በዚህ ነጥብ ላይ ትዕግሥታችሁን እጠይቃለሁ፤ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ወንዶቹ እንግዶች ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ሲወጡ እኔ ጀልባው ውስጥ እቀራለሁ። አንድ ሰዓት፣ ቀድሞ ደግሞ ሁለት ሰዓት። ወደ ላይ የሚወጡት የሚያዩት ገዳሙን ነው፤ ዳርቻውን ቁጭ ብሎ ያየ ግን እኔ ነኝ። በአንደኛው ደሴት ማረፊያ ላይ ወደ ውሃው ያዘነበለ ትልቅ ሾላ አለ። ጀልባ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው፤ ሌላ ማሰሪያ የለም። ገመዱ በየቀኑ እየተጠመጠመ፣ ሞገዱ ጀልባውን በሳበው ቁጥር ገመዱ እየፈተገ፣ የሾላውን ልጥ ሦስት ጣት ስፋት ባለው ቀለበት ዙሪያውን በልቶታል። ከቁስሉ ወተቱ ፈስሶ ግንዱ ላይ ደርቋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ አዲስ ወተት ይወርዳል። በጀመርኩበት ዓመት ቁስሉ አልነበረም። አምና ወደ ሐይቁ የተዘረጋው ቅርንጫፍ ቅጠሉን አራገፈ፤ ዘንድሮ ደርቋል።

በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ራሳቸው ነጭ የሆነ ሁለት ዓሣ አዳኝ ንስሮች ይቀመጡ ነበር። አንዱ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ሌላው ይቀበለዋል፤ እንግዶች ድምፁን ሰምተው ዝም ይላሉ፤ ስለ ንስር መናገር ሳያስፈልገኝ ቀርቶ ያውቃል። ዘንድሮ እዚያ ቦታ አንድም ቀን አላየኋቸውም። ዛፉን የገደለው ክፉ ሰው አይደለም። ጀልባውን የሚያስርበት ሌላ ነገር ያጣ ነጂ ነው። ከባሕር ዛፍ የተሠሩ ሦስት አራት ምሰሶዎች ማረፊያው ላይ ቢተከሉ ኖሮ ሾላው ይድን ነበር። የቲኬት ገንዘብ ለዚህ ካልዋለ ለምን እንደሚውል ልናውቅ እንወዳለን።

እዚያው ማረፊያ ላይ ውሃው አንዳንድ ቀን በዘይት ቆዳ ይሸፈናል፤ ነጂዎቻችን ከጀሪካን ወደ ሞተር ነዳጅ ሲገለብጡ የሚንጠባጠበው ነው። ይህንንም የምናደርገው እኛ ነን። ነዳጅ ወደብ ላይ ብቻ ይሞላ የሚል አንድ መስመር በደንቡ ቢኖር እርስ በርሳችን እንቆጣጠርበት ነበር። ደንብ ሳይኖር አንዱ ሌላውን ቢናገር ጠብ ይሆናል። የውሃ ፕላስቲኩም እንዲሁ። እንግዳ ይዞት የመጣውን ፕላስቲክ ደሴቱ ላይ ይጥላል፤ አባቶች ለቅመው ከማቃጠል በቀር ምርጫ የላቸውም።

የደሴቶቹና የዘጌ ደን እንዴት እስከ ዛሬ እንደቆየ ታውቃላችሁ። በሐይቁ ዙሪያ ብዙ ቦታ ውሃው በበጋ ሲሸሽ ማረሻው ይከተለዋል፤ ዳርቻው እስከ ውሃው አፍ ታርሷል። ዘጌ ላይ ግን ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በወረደ ሥርዓት በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እየለቀመ ይኖራል። ደሴቶቹም የደብር አጸድ ስለሆኑ ምሳር አልገባባቸውም። እንግዲህ ይህን ደን ለዘመናት የጠበቁት ገዳማቱና የዘጌ ሰዎች ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ከእነሱ ሥርዓት በታች ከሆነ ትልቅ ነገር ጎድሏል።

አራተኛ፣ የዓባይ መውጫ። ወደ ደብረ ማርያም በኩል፣ ዓባይ ከጣና ከሚለይበት አጠገብ ጉማሬ ለማየት የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ለብዙ እንግዳ ጉብኝቱ እሱ ብቻ ነው፤ አጭር ነው፣ ርካሽ ነው። ማስታወቂያው ግን ስለ ደሴት እንጂ ስለ መውጫው አይናገርም፤ ስለዚህ እዚያ የሚከለክል የለም። ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ አራት ጀልባ ግልገል የያዘችን ጉማሬ ከበባት። ግልገሉ እንደ እናቱ ውሃ ውስጥ ብዙ መቆየት አይችልም፤ ቶሎ ቶሎ ብቅ ብሎ መተንፈስ አለበት። ብቅ ባለ ቁጥር ስልክ ተቀስሮ «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል» ይባላል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ተመልሶ ይሰጥማል። እናቲቱ አፏን ከፍታ ወደ አንዱ ጀልባ ስትመጣ ሁሉም እየጮኸ ሸሸ። ጀልባ ገልብጣ ቢሆን ኖሮ ወሬው «ጉማሬ ሰው ገደለች» ነበር የሚሆነው። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት «ትንሽ ጠጋ በል» ብያለሁ፤ ማንም ርቀቱን ስላልነገረኝ ነው።

ሞተሮቹ እዚያው የደንገሉን ጫፍ እየቆራረጡ ይገባሉ። ደንገል ወፍ ጎጆዋን የምትሠራበት፣ ዓሣ ጫጩቱን የሚያሳድግበት ነው። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ታንኳና መሶቡን የሚሠሩበትም እሱ ነው። ከከተማው ዳርቻ ደንገሉ እየራቀ ስለሄደ አሁን አንድ ታንኳ የሚበቃውን ለማጨድ ሩቅ ይሄዳሉ። ታንኳ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ በሌላ መተካት አለበት፤ አንዴ ተሠርቶ ለዓመታት የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

አምስተኛ፣ እምቦጭ። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ሕዝቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል፤ ወደቡ ላይ ካለነው ያልነቀለ የለም። እምቦጭ ከቁራጩ ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ከሰሜንና ከምሥራቅ ዳርቻ የመጣ ጀልባ በሞተሩ ምላጭ ላይ ተጠምጥሞ የቀረ ሥር ይዞ ንጹሕ ደሴት ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም። እኔ ራሴ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ከፕሮፔለር ላይ በእጄ ፈትቼ ደረቅ መሬት ላይ ጥያለሁ። ቲኬቱ በመስኮት ሲታይ ሞተሩን ቀና አድርጎ የሚያይ አንድ ሰው ቢመደብ ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እንጥቀስ። ድሮን ወፎች በሚያድሩበት ዛፍ ላይ ይበራል፤ ሲበራ ፔሊካኖቹ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ቅዳሜና እሑድ ድምፅ ማጉያ የጫኑ የሽርሽር ጀልባዎች ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት በገዳማቱ ሥር ያልፋሉ። በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በናርጋ ሥዕሎች ላይ ፍላሽ የሚያበራውን አስጎብኚው ብቻውን ይለምናል። የተጠያቂነቱ ነገር ደግሞ እጅግ አሳዝኖናል። አንድ ባልደረባችን እንግዳው ከኋላው ድሮን አስነሥቶ ስለተገኘ ለአንድ ወር ባጁ ተወሰደበት፤ ድሮን ክልክል መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ በማስታወቂያው ላይ አልነበረም፣ እስከ ዛሬም የለም። በዚያው ሳምንት አስጎብኚ ያልያዙት የሽርሽር ጀልባዎች ሙዚቃቸውን ከፍተው ሲያልፉ የጠየቃቸው አልነበረም። ይህ ሰው ወር ሙሉ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ሦስት ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ እንግዳ በጠፋባቸው በእነዚህ ክፉ ዓመታት አንድ ወር ለኛ ብዙ ነው።

ስለ ምእመናንም አንድ ነገር። ጥር 7 ለናርጋ ሥላሴ፣ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት፣ ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል የሚመጣው ሰው ጎብኚ አይደለም፤ ለንግሥ የመጣ ነው። በሰዓት ቆጥሮ ማስወጣትም፣ እንደ ቱሪስት ማስከፈልም ተገቢ አይደለም። ግን በእነዚህ ቀናት ጀልባ ከልክ በላይ ይጫናል፤ ቁጥጥር የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ተቆጣጣሪ አላየንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት የመስኮቱ ሰዓት ዛሬ ነገ ሳይባል ወደ ጠዋቱ 12 ሰዓት እንዲመለስ፤ ይህ ካልተቻለ ወደ ዳጋ፣ ወደ ናርጋና ወደ ጣና ቂርቆስ የሚሄድ ጀልባ ቲኬቱን በዋዜማው ከሰዓት እንዲቆርጥ ይፈቀድ። የሕፃን ልክን ጨምሮ ለተሳፋሪው ሁሉ ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ከወደብ እንዳይወጣ ይከልከል። ይህ በእኛም ላይ ወጪ የሚያመጣ መሆኑን አውቀን ነው የምንጠይቀው። በተለይ ስለ ሕፃን ጃኬቶቹ አንድ ላይ ገዝተን በኪራይ የምንጠቀምበትን መንገድ ከእናንተ ጋር ለመነጋገር ዝግጁ ነን።

ደንቡ ከጓሮ ግድግዳ ወጥቶ በወደቡ መግቢያ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በትልቁ ይለጠፍ፤ የትኛው ገዳም ለወንድ ብቻ እንደሆነ፣ የትኛው ለሁሉ ክፍት እንደሆነ፣ አለባበሱ ምን መሆን እንዳለበት ከቲኬቱ በፊት ይነገር። ቲኬት ሻጩ ማየትና መንገር የሥራው አካል ይሁን። ከደሴት ደጃፍ የተመለሰች ሴት ገንዘቧ ይመለስላት። ከደሴ ለመጡት እናት ደግሞ፣ አድራሻቸው በቲኬቱ ጉርድ ላይ ስላለ፣ መሥሪያ ቤቱ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘባቸውን ቢመልስ ደስ ይለናል።

በየማረፊያው የጀልባ ማሰሪያ ምሰሶ ይተከል፤ ከተተከለ በኋላ ጀልባውን ዛፍ ላይ ያሰረ ይቀጣ። የቆሰለውን ሾላ የሚያውቅ ባለሙያ መጥቶ ይየው፤ ቦታውን ወስጄ አሳያለሁ። ነዳጅ ከወደብ ውጭ አይሞላ። እንግዳ ይዞ የገባውን ፕላስቲክ ይዞ ይውጣ። ለጉማሬ፣ ለደንገልና ወፍ ለሚራባበት ዳርቻ ጀልባ ማለፍ የማይችለው ርቀት በባለሙያ ይወሰንና በተንሳፋፊ ምልክት ይታይ። ከደሴቱ ወደ ደሴቱ የሚሄድ ሞተር ስለ እምቦጭ ይፈተሽ። ድሮንና ድምፅ ማጉያ በጽሑፍ ይከልከሉ፤ ክልከላው አስጎብኚ በያዘውም ባልያዘውም ላይ እኩል ይሥራ። የባልደረባችን የቅጣት መዝገብ ይሰረዝ።

ከቲኬቱ የሚገኘው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነና ለምን እንደዋለ በየሦስት ወሩ ወደቡ ላይ ይለጠፍ። ደኑን ለሚጠብቁት ገዳማትና የዘጌ ቀበሌዎች ድርሻቸው ይታወቅ።

በመጨረሻም ይህ ደንብ እንደገና ሲጻፍ ከጀልባ ነጂዎች፣ ከአስጎብኚዎች፣ ከታንኳ ሠሪዎችና ከገዳማቱ አንድ አንድ ሰው ይቀመጥበት። በየትኛውም ቀን ብትጠሩን እንመጣለን። መምጣት ለምትፈልጉም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወደቡ ላይ ነን፤ ጀልባ እናዘጋጃለን፣ ሁሉንም በዓይናችሁ እናሳያችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በጣና ሐይቅ ደሴቶች አስጎብኚ
በወደቡ አስጎብኚዎችና ጀልባ ነጂዎች ስም
ባሕር ዳር፣ ግንቦት

ግልባጭ፦
ለደሴቶቹና ለዘጌ ገዳማት አስተዳዳሪ አባቶችና እማሆዎች
ለዘጌ አስጎብኚዎች
ለታንኳ ሠሪዎችና ለዓሣ አስጋሪዎች